መሣሪያሽን ራስሽ ቃኚው

ልጄ፣ ፒያኖውን ለጊዜው አቆይተሽ ሃርፕሲኮርድ ልትማሪ መነሣትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ከስጋት ጋር ነው። ፒያኖ ተጫዋች መሣሪያው ሲበላሽ ባለሙያ ይጠራል፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ያስቃኛል፤ ውስጡን ከፍቶ የማየት ግዴታ የለበትም። በዚያ ልማድ ወደ ሃርፕሲኮርድ ከመጣሽ ብዙም ሳትቆዪ ተስፋ ትቆርጫለሽ። ይህ መሣሪያ የሚጫወተውና የሚንከባከበው ሰው አንድ እንዲሆን ይፈልጋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ ይህን ነው፦ ጣትሽን ከማፍጠንሽ በፊት መቃኘትን ተማሪ፤ የኖታ መጽሐፍ ስትገዢ አብረሽ ስለታም ምላጭ ግዢ።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት እንዳይመስልሽ። ዮሃን ኒኮላውስ ፎርኬል በ1802 ባሳተመው የዮሃን ሴባስቲያን ባኽ የሕይወት ታሪክ ላይ እንደጻፈው፣ በሃርፕሲኮርዱ ላይ አውታሩን የሚነካውን ላባ ሌላ ሰው ቢተክልለት ባኽን አያረካውም ነበር፤ ሁልጊዜ ራሱ ነበር የሚተክለው። ቅኝቱንም ራሱ ይሠራ ነበር፤ እጁ ከመልመዱ የተነሣ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም ነበር ይላል። እስቲ አስቢው፤ ቤቱ በልጆችና በተማሪዎች የተሞላ፣ ላይፕዚግ ውስጥ የአብያተ ክርስቲያናት ሙዚቃ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ነው ይህን ለሌላ ያልሰጠው። እኛም አገር እኮ በገና ደርዳሪው እንዚራውን ከአውታሩ ሥር ገፋ ሳብ እያደረገ፣ ድምፁ እንደሚፈልገው እስኪያነዝር ድረስ የሚደክመው ራሱ ነው። በዚያ ዓይን ተመልከቺው። የባኽ ሩብ ሰዓት ግን በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ አንቺን በመጀመሪያ ግማሽ ቀን ሊፈጅብሽ ይችላል፤ አትደንግጪ።

መሣሪያው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ልንገርሽ። ቁልፉን ስትጫኚ የኋላ ጫፉ ይነሣል። በእሱ ላይ ጃክ የምትባል ቀጭን ዘንግ ቆማለች፤ አብራ ትነሣለች። በጃኳ አናት ላይ ምላስ የሚሏት ተንቀሳቃሽ ቁራጭ አለች፤ ከምላሷ ደግሞ ከላባ የተሠራች ትንሽዬ መምቻ ወጣ ብላለች። መምቻዋ አውታሩን ከሥር ገፍታ ቆንጠር አድርጋ ትለቀዋለች። ጣትሽን ስታነሺ ጃኳ ትወርዳለች፤ ምላሷ ወደ ኋላ ታጥፋ አውታሩን ሳትደረድር ታልፋለች፤ ከከርከሮ ፀጉር ወይም ከቀጭን ፕላስቲክ የተሠራች ስፕሪንግ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለች፤ ከዚያ ጃኳ ላይ ያለችው ቁራጭ ጨርቅ አውታሩ ላይ አርፋ ድምፁን ታፍነዋለች። ሌላ ነገር የለውም። መዶሻ የለም፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፒያኖ ውስጥ የገባው የብረት ፍሬምም የለም። ሁሉም እንጨት፣ ሽቦ፣ ጨርቅና ላባ ነው። ዛሬ በላባው ፈንታ ዴልሪን የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ በብዛት ይተከላል።

የራስሽን መሣሪያ ስትፈልጊ በትንሹ ጀምሪ። አንድ ረድፍ ኪቦርድና ሁለት ረድፍ አውታር ያለው ይበቃሻል፤ የጣሊያኖቹን ወይም የፍሌሚሾቹን አሠራር የተከተለ ከሆነ ደግሞ መልካም ነው። የፍሌሚሾቹ ስም የሚነሣው ከሩከርስ ቤተሰብ ጋር ነው። ሃንስ ሩከርስ በ1579 የአንትወርፕ ቅዱስ ሉቃስ ማኅበር አባል ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ቀጠሉ። ሥራቸው እጅግ ከመወደዱ የተነሣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ሠሪዎች አሮጌ የሩከርስ መሣሪያዎችን እየከፈቱ፣ ድምፁን የሚያጎላውን ስስ ሳንቃ ጠብቀው ቁልፍ እየጨመሩ ያሰፏቸው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። ቫንዳ ላንዶቭስካ የምትጫወትበት የፕሌየል ፋብሪካ ሃርፕሲኮርድ እንደ ፒያኖ የብረት ፍሬም የተሸከመ፣ ፔዳል ያለውና ከባድ ነበር። መሣሪያውን ከመረሳት ካወጡት ዋነኛዋ ናትና ስሟን በአክብሮት አንሺ። ቦስተን ላይ ፍራንክ ሃባርድና ዊሊያም ዳውድ በ1949 አብረው ሥራ ሲጀምሩ ግን ወደ ጥንቶቹ ሠሪዎች አሠራር ተመለሱ፤ ዛሬ የምንሰማው ድምፅ በአብዛኛው የዚያ መመለስ ፍሬ ነው። በዚህ ምክንያት የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ከባድ የፋብሪካ ሃርፕሲኮርድ በርካሽ ተገኘ ቢሉሽ አትቸኩዪ። ቁልፉ ለጣትሽ የማይሆን ልማድ ያስተምርሻል፤ መለዋወጫውም ያስቸግርሻል።

ያገለገለ መሣሪያ ለማየት ስትሄጂ ሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል አያታልልሽ። ሳንቃው ላይ ስንጥቅ መኖሩን ተመልከቺ፤ ሣጥኑ ተጣምሞ አንደኛው ማዕዘን ከፍ ብሎ እንደሆነ ጎንበስ ብለሽ በዓይንሽ ለኪው። እያንዳንዱን ቁልፍ ቀስ ብለሽ ተጭነሽ ልቀቂ። ሰዎቹን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ በብርድ ወራት የት ነበር የሚቆመው? መልሱ ማሞቂያው አጠገብ ከሆነ ተሰናብተሽ ውጪ።

አሁን ወደ ጣትሽ እንምጣ። ፒያኖ ላይ ድምፅ የሚጎላውና የሚለዝበው እንደ አመታትሽ ነው። እዚህ ብትደበድቢውም ብታባብይውም ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ያው ነው። አገላለጹ የሚመጣው ከጊዜ ነው፤ መቼ እንደምትነኪና መቼ እንደምትለቂ። አንድ ልምምድ ልስጥሽ። ጣትሽን ቁልፉ ላይ አሳርፊና ቀስ ብለሽ ተጫኚ፤ መምቻዋ ከአውታሩ ጋር ስትገናኝ ትንሽ እንቅፋት ይሰማሻል። እዚያ ቁሚ። ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ፣ ክንድሽን ሳታንቀሳቅሺ እለፊው። ስትለቂም እንደዚያው ቀስ በዪ፤ ጨርቋ አውታሩ ላይ የምታርፍበትን ቅጽበት አድምጪ። ጀማሪ የድምፁን መነሻ ብቻ ነው የሚያስበው፤ ጎበዝ ተጫዋች ግን የሚታወቀው በመጨረሻው ነው። አንዱን ድምፅ ከተከታዩ በፊት ጥቂት ቀደም ብለሽ ካነሣሽው ተከታዩ ጎልቶ ይሰማል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ካስገባሽ ደግሞ ይዋሃዳሉ። ፔዳል ስለሌለሽ ይህን ሁሉ የሚሠራው ጣትሽ ነው።

ፍራንሷ ኩፕራን በ1716 ፓሪስ ውስጥ ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ ላይ ትንንሽ ልጆች መምቻው እጅግ በለዘበ መሣሪያ ላይ እንዲጀምሩ ይመክራል፤ ጉልበት ካስፈለጋቸው እጃቸው ይበላሻልና። ትምህርቱ ገና ሲጀመር ተማሪው ብቻውን ተለማምዶ የተማረውን እንዳያበላሽ የመሣሪያውን መክፈቻ ይዞ ይሄድ ነበር። ሲጫወት ፊቱን የሚያጨማድድ ተማሪ ካለም ኖታ ማስቀመጫው ላይ መስታወት እንዲያቆም ይነግረዋል። አንቺ አዋቂ ነሽና መክፈቻ የሚወስድብሽ የለም፤ ነገር ግን ከመምህር ጋር ሳትገናኚ ብቻሽን ብዙ ሰዓት አትለማመጂ። ከፒያኖ ይዘሽው የመጣሽው ክብደት ሳታውቂው ይመለስብሻል። መስታወቱን ግን ዛሬውኑ አቁሚው፤ የትከሻሽን መወጠር ከማንም ቀድሞ ያሳይሻል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜሽን እንድትሰጪው የምፈልገው መምቻ መላጨትን ነው። አንድ ቁልፍ ከጎረቤቶቹ ይበልጥ ይጮሃል፣ ወይም ለጣትሽ ይከብዳል እንበል። መጀመሪያ ጃኮቹ ዘለው እንዳይወጡ ከላይ የሚይዛቸውን ጣውላ አንሺ። ጃኳን ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢያት። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር ተጽፎባታል፤ እያንዳንዷ የተስተካከለችው ለራሷ ቀዳዳ ነውና ቦታ አታለዋውጪ። መምቻዋን ከጎን ወደ ብርሃን ይዘሽ እያት። አውታሩን የሚነካው ላይኛው ገጿ ለጥ ያለ ነው፤ እሱ አይነካም። ሥራው በሙሉ ከታች በኩል ነው። ላይኛ ገጿን ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ላይ አስተኝተሽ፣ ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና በሚጠቀሙበት ዓይነት ምላጭ፣ ከግንዷ ወደ ጫፏ እየሳሳች እንድትሄድ አድርገሽ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ፍቅፋቂ አንሺላት። ከዚያ መልሻት፣ ተጫኚ፣ አድምጪ። አሁንም ከከበደ እንደገና። ጫፏ ከአውታሩ አልፋ የምትወጣው ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው፤ ከረዘመች ጣትሽን ትይዛለች፤ ካጠረች አንድ ቀን አውታሩን ሳትነካ ታልፋለች።

አንድ ጊዜ የተላጨ አይመለስም። መምቻዋ ከሳሳች ጭል ጭል የሚል፣ ሥጋ የሌለው ድምፅ ታወጣለች፤ ያኔ ነቅለሽ አዲስ መትከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እጅሽን የምታፍታቺበት ትርፍ ጃክና አንድ ከረጢት መምቻ ከሠሪው አስመጪ። በእውነተኛው መሣሪያ ላይ ስትሠሪ ደግሞ አንዱን ቁልፍ ለብቻው አትፍረጂበት። ዓይንሽን ጨፍነሽ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ተጫወቺና የትኛው እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደሚደበቅ ስሚ። ብዙ ጊዜ የሚጮኸውን ዝቅ ማድረግ ደካማውን ከማጎልበት ይሻላል። በእኔ ዘንድ ለዘብ ያለ ሃርፕሲኮርድ ከሚጮኸው የበለጠ ይዘምራል፤ ተማሪዎች ግን መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጩኸት ይፈልጋሉ። እውነተኛ ላባ ለመትከል ከደፈርሽ ጥቂት የወይራ ዘይት አልፎ አልፎ ያስፈልገዋል። ላባ ሲያረጅ ድምፁ እየደከመ ያስጠነቅቅሻል፤ ዴልሪን ግን ለረጅም ጊዜ ያገለግልና ሳይታሰብ ቀንጠስ ይላል።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ብልሽት አንድ ቁልፍ ድምፅ ሰጥቶ ድጋሚ ሲነካ ዝም ሲል ነው። ምክንያቱን በተራ ፈልጊ። ጃኳን በእጅሽ ከፍ አድርገሽ ልቀቂያት፤ በራሷ ክብደት ካልወረደች በእርጥበት አብጣ ወይም አቧራ ይዟት ነው። አቧራውን ጥረጊ፤ እብጠት ከሆነ ግን የአየሩን መለወጥ ጠብቂ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትሞርጂያት፤ አየሩ ሲደርቅ ቀዳዳዋ ውስጥ ትንከላወሳለች። በደንብ ወርዳ መምቻዋ አውታሩ ላይ ከተንጠለጠለች ምላሷን እያት። ስፕሪንጓ ከጠነከረች ምላሷ ለማለፍ እምቢ ትላለች፤ ከላላች ደግሞ ወደ ቦታዋ አትመለስም። ጨርቋ ዝቅ ብላ ከተቀመጠችም ጃኳን ከመውረድ ትከለክላታለች። ጃኳን ግን ዘይት በፍጹም አትቀቢያት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ እንጨቱም ይጠጣዋል። የጃኳን ጎን በለስላሳ እርሳስ ማሸት ይበቃል።

ወደ ቅኝት እንሂድ። የዛሬ ተጫዋቾች ለባሮክ ሙዚቃ በብዛት የተስማሙበት ላ 415 ሄርዝ ነው፤ ከተለመደው 440 በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። መሣሪያሽ ለየትኛው እንደተሠራ ሠሪውን ሳትጠይቂ ወደ ላይ አትሳቢው፤ በተለይ የናስ አውታር ከልኩ ሲያልፍ ይበጠሳል። መቃኛ መፍቻውን አውታሩ የተጠመጠመበት ችንካር ላይ ስትሰኪ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጥቂት ወደ ታች አላይ። ድምፁ ሲወርድ ከሰማሽ ትክክለኛው ችንካር ላይ ነሽ፤ ካልሰማሽ ሌላ ችንካር ይዘሻልና እጅሽን አንሺ። ይህን የማያደርግ ሰው ነው የሚሰማውን አውታር እያጠበቅሁ ነው ብሎ ጎረቤቱን የሚበጥሰው። እንቅስቃሴሽ ትንሽ ይሁን፤ ችንካሩን አሽከርክሪው እንጂ ወደ ጎን አትጫኚው። አውታሩንም በባዶ ጣት አትንኪ፤ የእጅ ላብ ብረቱን ያዝገዋል።

ስልክሽ ላይ ያለውን መቃኛ ለላ ብቻ ተጠቀሚበት። ከዚያ በኋላ ጆሮሽ ይሥራ። ለመጀመር የሚቀለው ከህዳሴ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው፣ ሦስተኛዎቹ ፍጹም ንጹሕ የሚሆኑበት አቃኛኘት ነው። ላን ከያዝሽ በኋላ ከሥሩ ያለውን ፋ ከላ ጋር ንጹሕ አድርጊው። ሁለቱ አብረው ሲሰሙ መጀመሪያ ድምፁ ይርገበገባል፤ ስትቃረቢ ርግብግቡ ይዘገያል፤ ከዚያ ቀጥ ይላል። ያ ቅጽበት ጆሮሽ ውስጥ ከተቀረጸ ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ነው። ቀጥሎ ፋ፣ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ የሚለውን የአምስተኛዎች ሰንሰለት ትሞያለሽ፤ አራቱም እኩል ጥቂት ጥቂት መጥበብ አለባቸው፤ አንዱን ንጹሕ ካደረግሽው ዕዳው በቀሩት ላይ ይወድቃል። የቀሩት ሰባት ድምፆች ከእነዚህ ይወለዳሉ፤ ከዶ ሚ፣ ከሶል ሲ፣ ከሬ ፋ ሻርፕ፣ ከላ ዶ ሻርፕ፣ ከሚ ሶል ሻርፕ፤ ወደ ታች ደግሞ ከሬ ሲ ፍላት፣ ከሶል ሚ ፍላት፤ ሁሉም ንጹሕ ሦስተኛ ናቸው።

ስትጨርሺ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን አብረሽ ተጫኚ። በፒያኖ ሦስተኛው ከንጹሑ 14 ሴንት ያህል የሰፋ ነው፤ ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። ያንን ሰምተሽ ላደግሽ ልጅ ይህ ርግብግብ የሌለበት ጸጥታ አዲስ ነገር ይሆንብሻል። ዋጋ ግን አለው፤ በሶል ሻርፕና በሚ ፍላት መካከል ያለው አምስተኛ ክፉኛ ይጮሃል፤ የጥንት ሰዎች ተኩላ ይሉታል። ባኽ በ1722 በሃያ አራቱም ሜጀርና ማይነር ስኬሎች የጻፈውን የፕሪሉድና የፉግ መድብል በዚህ ቅኝት አትጫወቺውም። ለእሱ እንደ ቫሎቲ ያለ አቃኛኘት ትማሪያለሽ፤ ስድስት አምስተኛዎች በጥቂቱ ይጠብባሉ፣ ስድስቱ ንጹሕ ይሆናሉ፣ ተኩላውም ይጠፋል። ወደዚያ የምትሄጂው የመጀመሪያውን አቃኛኘት ጆሮሽ ካወቀው በኋላ ነው። በሳምንት አንዴ ሙሉውን ቃኚ፤ በየቀኑ ከመለማመድሽ በፊት የወጡትን ብቻ መልሺ።

የአየሩን ነገር ችላ አትበዪ። ድምፁን የሚያጎላው ሳንቃ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እርጥበት ሲጨምር ያብጥና አውታሩን ወደ ላይ ይወጥረዋል፤ ሲደርቅ ይወርዳል፤ በጣም ከደረቀ ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ሐምሌና ነሐሴን ይፍራ፤ አንቺ ባለሽበት አውሮፓ ግን የሚጎዳው ማሞቂያ የሚበራበት የብርድ ወቅት ነው። የእርጥበት መለኪያ ክፍሉ ውስጥ አኑሪ፤ ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ካቆየሽው ይበቃል፤ ከቁጥሩም ይልቅ አለመዋዠቁ ይጠቅማል። ከመስኮት ፀሐይና ከማሞቂያ አርቂው። ኮንሰርት ሲኖርሽ መብራቱና ማሞቂያው እንደ ምሽቱ ከበራ በኋላ ቃኚ፤ ከዚያ በፊት የቃኘሽው ድካም ብቻ ነው።

ለመጫወት ምን ልምረጥ ብለሽ ነበር። ኩፕራን በዚያው መጽሐፉ ውስጥ ያስገባቸው ስምንት ፕሪሉዶች አሉ፤ እጅና መሣሪያ ለማስተዋወቅ ከእነሱ የተሻለ አላውቅም። ከእነሱ ጋር ባኽ በ1723 ያጠናቀራቸውን ኢንቬንሽኖች ያዢ፤ ሁለት ድምፆችን በንጽሕና ለያይቶና እያዜሙ መጫወትን ለማስተማር የተጻፉ ናቸው። ስካርላቲን ግን ጥቂት አቆዪው። ከ555ቱ ሶናታዎቹ ውስጥ አንዱን ቁልፍ እየደጋገሙ በፍጥነት መምታትን የሚጠይቁ አሉ፤ አንዲት ጃክ ከደከመች ወዲያው ያጋልጧታል። ዝማሬ ወይም ቫዮሊን የማጀብ ዕድል ካገኘሽ ደግሞ አትለፊው። ከባሱ ጋር የተጻፉትን ቁጥሮች እያዩ ኮርድ መሙላት የሃርፕሲኮርድ ተጫዋች ዋና እንጀራ ነበር፤ ካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል ባኽ በ1762 ያወጣው ሁለተኛው የመማሪያ መጽሐፉ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ዕረፍት ስታገኚ ኤዲንብራ ሄደሽ ሴንት ሲሲሊያስ ሆል ያለውን የፓስካል ታስካን የ1769 ሃርፕሲኮርድ እዪ፤ አንትወርፕ ደግሞ ቭሌይስሃውስ ሙዚየም ውስጥ የሩከርሶችን ሥራ ታገኛለሽ። እዚያ ስትደርሺ ከሽፋኑ ሥዕል ፊት ብዙ አትቁሚ፤ ጎንበስ ብለሽ ጃኮቹንና ችንካሮቹን ተመልከቺ፤ የቤት ሥራሽ እዚያ ነው። ከመሄድሽ በፊት ግን አሁን በምትለማመጂበት መሣሪያ ላይ ባለፈው ይዝብኛል ያልሽኝን ቁልፍ ከላይ በነገርኩሽ ተራ መርምሪውና የትኛው ምክንያት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ስፕሪንጓ ከሆነች ምትክ እልክልሻለሁ።